ለምስጢር ፈልፋዮቻችን ዕድሜ ይስጥልን

ሰሞኑን ደግሞ ተራው የዳ ቪንቺ ሆኗል። «ለ500 ዓመት የተደበቀው ጉድ! ሳይጠፋ ቶሎ እዩት!» የምትለዋ ቪዲዮ በቴሌግራም ያልደረሰችው አክስት የሌለው ሰው ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልን። ሚላን ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራዚዬ፣ የመነኮሳቱ መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ 9 ሜትር ገደማ ተዘርግቶ ትኬት ለቆረጠ ሁሉ የሚታየው «የመጨረሻው እራት» ለካ ተደብቆን ኖሯል!

በተለይ ቢላዋ የያዘችውን እጅ ያገኘልን ወንድማችን ውለታው አያልቅም። እጅየዋን በቀይ ከበባት። ቀስት ሰደደባት። የአስፈሪ ፊልም ሙዚቃ ለቀቀባት። «ይህች እጅ የማን ናት?» አለና ጸጥ አለ። የሐዋርያቱን እጆች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ መሃል ላይ ሰብስክራይብ አድርጉ ሲል ቁጥሩ ጠፋበትና እንደገና ከይሁዳ ጀመረ። አንድ እጅ ተረፈችው። ባለቤት የላትም! ሥዕሉን እንደ መስታወት ገለበጠው፤ አሁንም ተረፈች። ዳቦዎቹን እንደ ሙዚቃ ኖታ አነበባቸው፤ እጅየዋ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የአንድ ምስጢራዊ ማኅበር ስም ጠርቶ አሳረፋት። እውነቱ ግን እጅየዋ የጴጥሮስ ናት። ክንዱን ወደ ኋላ አጥፎ ወገቡ ላይ ነው የያዛት። በዚያው ሌሊት የማልኮስን ጆሮ የቆረጠው ማን እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ያውቃል፤ ግን ወንጌል መግለጥ ቪው አያመጣም።

ጺም የሌለው ሐዋርያ «ሴት ናት» መባሉንማ ተዉት። የዚያ ዘመን ሠዓልያን ዮሐንስን በወጣትነቱ ጺም አልባ አድርገው ይስሉት እንደነበር መናገር ገበያ መዝጋት ነው።

የምር ግን ያናድዳል። ሠዓሊው «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» የተባለባትን ቅጽበት ነው የሳለው፤ የሚደነግጠውን፣ የሚቆጣውን፣ «እኔ እሆንን?» የሚለውን። ፈልፋዮቻችን አንዱን ፊት እንኳ አያዩም! ጉድ ካማራችሁ እኮ ሞልቷል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በእርጥብ ልስን ላይ «ሳይደርቅብኝ» እያለ መጣደፍ ስላልፈለገ በደረቅ ግድግዳ ሳለው፤ ቀለሙ እሱ በሕይወት እያለ መበላሸት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1652 በር ለማውጣት ብለው የክርስቶስን እግር ቆርጠው ጣሉት። እግሩን! በ1943 አዳራሹ በቦምብ ፈረሰ፤ ሥዕሉ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ተረፈ። 20 ዓመት ገደማ የፈጀው እድሳት ያለቀው በ1999 ነው። ለዚህ ሁሉ ቀይ ክብ አልደረሰውም።

ክፍል ሁለት ስለ ጴጥሮስ ግራ እጅ ነው ተብሏል። ዮሐንስ ትከሻ ላይ ናት፤ ቆጠራው እንዳያደክማቸው ከወዲሁ ልጠቁም ብዬ ነው።