ተናጋሪን ጋብዞ ዝም የማሰኘት ጥበብ

የአገልግሎት ክለቦች ለማኅበረሰቡ ካበረከቷቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው፣ አንድን ባለሙያ ከሥራው ጠርተው፣ ከመድረኩ አጠገብ በክብር አስቀምጠው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም እንዳይናገር የሚያደርጉበት ጥበብ ነው ብል የሚቃወመኝ አንባቢ አይኖርም፤ በዚህ ጥበብ ያልተባረከ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰዓቱን በስርቆት ያላየ ማን አለ? ሰሞኑን የተገኘሁበት የምሽት ስብሰባ ግን ጥበቡ የደረሰበትን ከፍታ ያሳየ በመሆኑ ሳላወድሰው ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል።

የዕለቱ ርዕስ ታዳሽ ኃይል ነበር። የተጋበዙት እንግዳ በጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሲተክሉና ሲጠግኑ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው። ክለቡም በዚያው ምሽት፣ ከአባላቱ ባሰባሰበው መዋጮ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ለሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሶላር ፓነል ለመለገስ ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ይዟል። እንግዲህ የሚያውቅ ሰውና ማወቅ የሚያስፈልገው ጉባኤ በአንድ አዳራሽ ተገናኙ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ግን እንዲህ ባለ አደገኛ አጋጣሚ የሚደናገጡ አይደሉም።

በመጀመሪያ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከአንደኛው መስመር እስከ መጨረሻው ተነበበ፤ ቀጥሎም በቃለ ጉባኤው ላይ የተሰጡት አስተያየቶች በቀጣዩ ቃለ ጉባኤ እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የክብር እንግዶች በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ተጠሩ፤ ቅደም ተከተሉ መዛባቱ ስለታወቀም፣ ማንም ቅር እንዳይለው፣ እንደገና ተጠሩ። ከዚያ አስተዋዋቂው ተነሡ።

አስተዋዋቂ ማለት፣ ነገሩን በቅጡ ላላሰበው ሰው፣ እንግዳዋ ማን እንደሆኑ ነግሮ የሚቀመጥ ነው። የእኛው ግን ለእንግዳዋ ከማዘናቸው የተነሣ ንግግሩንም ራሳቸው አደረጉላቸው። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ እንደሚችል ካስተዋለበት ተነሥተው፣ በ1954 የአሜሪካው የምርምር ተቋም ቤል ላቦራቶሪ ይፋ ባደረገው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው የሲሊከን ሶላር ሴል በኩል አልፈው፣ በ1958 ሶላር ሴል ተሸክማ የተወነጨፈችውን ቫንጋርድ 1 ሳተላይት ወደ ጠፈር እስኪሸኙ ድረስ ሁሉንም ከስልካቸው አነበቡ። መሐንዲሷም በያዙት ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ሲሰርዙ አየሁ። አስተዋዋቂው ሲያበቁ የራሳቸውን ግኝት አከሉበት፤ ፓነሉ 5 ኪሎዋት ከሆነ በቀን 5 ኪሎዋት ይሰጣል አሉና በጭብጨባ ተቀመጡ።

ለመሐንዲሷ የተረፋቸው 9 ደቂቃ ነበር። ከዚያም ላይ 2ቱን የጨረሱት ይህችኑ ጭብጨባ የተቸራትን ነገር ለማቃናት ነው። ኪሎዋት ኃይሉ በምን ፍጥነት እንደሚመነጭ እንጂ ምን ያህል እንደተጠራቀመ እንደማይለካ፣ የተጠራቀመው የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ፣ 5 ኪሎዋት የሆነ ፓነል የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 25 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጥ እንደሚችል፣ ከዚያም ላይ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ሽቦውና የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለዕቃዎች ወደሚስማማው ዓይነት የሚለውጠው ኢንቨርተር ድርሻቸውን እንደሚያነሡ አስረዱ። ስለ ባትሪ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የመድረክ መሪው በፈገግታ ሰዓታቸውን አሳዩ፤ ስላይዶቹም አንዱ በአንዱ ላይ እየተጣደፉ አለፉ።

አሁን ወደ እውነተኛው የምሽቱ ጌጥ ልምጣ። የጥያቄ ጊዜ ሲከፈት ድምፅ ማጉያውን የያዙት ጎልማሳ እንደ ደንቡ ጥያቄ እንደሌላቸውና አስተያየት ብቻ እንዳላቸው አስታወቁ። እኒህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ፤ ስለ ኃይል በሚወራበት በየትኛውም አዳራሽ አይጠፉም። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ አንድ መኪና በፍጥነት ሲሄድ ብዙ ነፋስ በከንቱ ያልፍበታል፤ ስለዚህ በጣሪያው ላይ የነፋስ ተርባይን ይተከል፤ ተርባይኑ ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ መኪናውን ይነዳል፣ መኪናው ነፋሱን ይፈጥራል፣ ነፋሱ ተርባይኑን ያዞራል። ይህን ሲያስረዱ በጣታቸው አየሩ ላይ ክብ ይሥሉ ነበር፤ ክቡን በጨረሱ ቁጥርም የሚቀጥለውን ይጀምራሉ።

መሐንዲሷ በትዕግሥት መለሱ። ያ ነፋስ በነፃ የመጣ ሳይሆን መኪናው ባትሪውን ከፍሎ የገዛው መሆኑን፣ ተርባይኑ መኪናውን ወደ ኋላ እንደሚጎትትና ያንን ጉተታ ለማሸነፍ የሚወጣው ኃይል ተርባይኑ ከሚመልሰው እንደሚበልጥ ነገሯቸው። ቆሞ እውነተኛ ነፋስ የሚጠብቅ ተርባይን እንኳ በውስጡ ከሚያልፈው ነፋስ ኃይል ከ59.3 በመቶ በላይ ሊወስድ እንደማይችል ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ ያሳየው ከመቶ ዓመት በፊት እንደሆነም አከሉ። ጎልማሳው ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያውስ ሁለት ተርባይን ይሁን» አሉ።

አዳራሹ ተነቃቃ። አንዱ አባል ሁለተኛው ከኋላ ቢተከል የፊተኛውን ጉተታ ያካክሳል አለ። ሌላው ሰው ከኋላ ባለው ፈንታ ከጎማዎቹ ጋር የሚያያዝ ጄኔሬተር አቀረበ፤ ተጨማሪ የጎማ ወጪ እንዳይኖርም አምስተኛውን፣ ትርፍ ጎማውን፣ መጠቀም እንደሚቻል ጠቆመ። ሦስተኛው ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያልተሠራው ነዳጅ ሻጮች ስለደበቁት መሆኑን ከታማኝ ምንጭ ሰምቷል። አራተኛው ፈጠራው በክለቡ ስም እንዲመዘገብ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አምስተኛው ደግፎ፣ ስድስተኛው ስለ አርማው ቀለም ጠየቀ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ በዚህ ሁሉ ደጋፊ ፊት ተከብሮ አያውቅም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 ያለ ማቋረጥ ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ማሽን ሠራሁ የሚሉ ሰዎችን ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ በሩን መዝጋቱ፣ አሁን እንደተረዳሁት፣ የሊቃውንቱን ሰነፍነት ብቻ የሚያሳይ ነው። እኛ ጋ ቢመጡ ድምፅ ማጉያ ይሰጣቸው ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ከበሩ አጠገብ አንዲት ነርስ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ፓነሉ ከሚተከልበት ጤና ጣቢያ የመጡ ናቸው። ሲደክማቸው አወረዱት፤ መልሰው አነሡት፤ ከዚያ የመድረክ መሪው ጊዜው በማለቁ ይቅርታ ጠየቁ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። የእኒያን ሴት ጥያቄ ስንወጣ ራሴ ጠየቅኋቸው፤ ባትሪው ሲሞት ማን ይቀይረዋል የሚል ነበር። ፓነል 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ በሙቀት ውስጥ የሚሠራና አለልክ የሚራገፍ የሊድ አሲድ ባትሪ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ፓነል፣ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ የማያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይቀራል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ባትሪ የማያስፈልጋቸው፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት በረዶ ሠርተው በዚያው ቅዝቃዜ የሚያድሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች አሉ። መሐንዲሷ ይህን ያውቃሉ፤ ተጣድፎ ካለፈው ስላይድ በአንዱ ላይ ሥዕሉ ነበረ፤ ኮታቸውን ሲለብሱ አሳይተውኛል። አንዱ ክብ ሲሥል፣ ሌላው ሲያዳንቅለት፣ መልሱን የያዘችው ሴትና ጥያቄውን የያዘችው ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ይህ አሰልቺነት ብቻ አይደለም፤ በሰው ልጅ ክትባት ላይ መቀለድ ነው፤ ያሳፍራል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ልገሳው ወዲያው ለድምፅ ቀርቦ ያለ አንዳች ተቃውሞ ጸደቀ፤ ለጥገና የተያዘ ገንዘብ ባለመኖሩ የሚያከራክር ነገር አልተገኘም። ለመሐንዲሷ ስማቸው በአንድ ፊደል የተሳሳተ የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ጥሩ አልወጣም ስላለም ደግመው ተቀበሉት። ስሌት ለሚወዱ አንባቢያን፣ ከ120 ደቂቃ ውስጥ 9 ደቂቃ ለጉዳዩ ዋለ ማለት ቅልጥፍናችን 7.5 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። ያ የ1954ቱ የቤል ላቦራቶሪ ሴል ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበርና በልጠነዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ፓነል 20 በመቶ ያልፋል ብሎ ለማወዳደር የሚቸኩል ሰው ግን ፓነል ቃለ ጉባኤ እንደማያስነብብ ያስታውስ።

ክለቡ በርዕሱ ስፋት ተደስቶ መሐንዲሷን ለሁለተኛ ዙር ጋብዟቸዋል። በዚያን ዕለት እንግዳዋን እንዲያስተዋውቁ የተመረጡትም ባለ ሁለት ተርባይኑ ጎልማሳ ናቸው።