ካሳ የምትባል ውሻ

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ አንድ ዘዴ ያውቃል። ውሻ ሲመጣብህ አትሩጥ። ጎንበስ በል። ድንጋይ ባይኖርም ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል፣ ውሻው ጅራቱን ቆልፎ ይፈተለካል። እኔንም ከትምህርት ቤት ስመለስ ስንት ጊዜ አውጥቶኛል። ለምን እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የሚሠራውማ የከተማችን ውሻ በድንጋይ ተመትቶ ስለሚያውቅ ነው።

ይህ የገባኝ ካሳ ቤታችን በመጣች በሁለተኛው ቀን ነው። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ አልኩ። በመካከላችን አራት ሜትር ያህል አለ። ያልተወረወረ ድንጋይ እንደመታት ሁሉ ጮኸች። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ሥር፣ ከባልዲዎቹ ኋላ ገባች። እስከ ማታ አልወጣችም። እኔም አንድ እጄ ክሩን እንደያዘ ደርቄ ቀረሁ።

ስሟን ላስረዳ። የመጣችው ከካሳንቺስ ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የሁሉም ሰው ወሬ ምትክ ቤትና ካሳ ነበር። ማን አገኘ፣ ማን ቀረበት፣ ስንት ነው። «ለእሷ ግን የከፈላት የለም» አለች ባለቤቴ፣ ስሙም እዚያው ወጣ። ሴት ሆና ካሳ መባሏ የሚያስቃቸው አሉ። ስማችሁ ካሳ የሆነ ደግሞ ይቅር በሉኝ።

ያን ሰሞን በዚያ ያለፈ ሰው ያየውን እኔም አይቻለሁ። ሰዉ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄዷል። ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ ግድግዳው ተንዷል። ውሾቹ ግን አሉ። አንዳንዶቹ በር የነበረበት ቦታ ላይ ተጋድመው፣ በር የሌለውን ግቢ ይጠብቃሉ። የማያውቁት ሰው ፍርስራሹን ሲረግጥ ተነስተው ይጮሃሉ። ከዚያ በፊት በ2016 ፒያሳ ሲፈርስም እንዲሁ ነበር።

«ጥለዋቸው ሄዱ» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ ፈርጄ ነበር። ግን የቀበሌ ቤት ግቢን የሚያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት አባወራ አለ። ውሻዋ የማንም አይደለችም፣ የግቢው ነች። አንዷ ፍርፋሪ ትሰጣታለች፣ ሌላው ሲሰክር ይረግጣታል፣ ልጆች ጆሮዋን ይጎትታሉ፣ እሷ ማታ ለሁሉም ትጮሃለች። ግቢው ሲበተን አንዱ ገላን ጉራ ደረሰው፣ ሌላው ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ ሌላው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣ። የግቢው ውሻ የማን ድርሻ ትሁን? ማንም ክፉ ሳይሆን አንድ እንስሳ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል። የሚያበሳጨኝ ይኼ ነው። ክፉ ሰው ቢኖርማ እሱን ሰድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ካሳን ያመጣኋት በላዳ ነው። ሾፌሩ ካርቶን ካላነጠፍክ አልጭንም አለ፣ አነጠፍኩ። አንገቷ ላይ ሽቦ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ጠጉሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሲያሳየኝ ሽቦው ከፊሉ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። ቡችላ እያለች ታስሮላት ኖሯል። አንገቷ አደገ፣ ሽቦው አላደገም። በዚያ ላይ መዥገር፣ ቁንጫ፣ እከክ፣ የሆድ ትል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሰጥቶ ሽቦውን ቆርጦ አወጣው። ከዚያ እጁን እየታጠበ «ይኼኛው ቀላሉ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ነበር። ቁስሉ ዳነ፣ ጠጉሩም በቀለ። የቀረው ግን ወራት ፈጀ።

ስህተቴን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ቀን ገላዋን አጠብኳት። በሁለተኛው ቀን ጓደኞቼን «ኑ እዩዋት» ብዬ ጠራሁ። በሦስተኛው ቀን የዶሮ ወጥ ፍርፋሪ ከነአጥንቱ ሰጠኋት። ሦስቱንም በፍቅር ነው ያደረግኩት፣ ሦስቱም ጥፋት ናቸው። የፈራ እንስሳ ውኃ ውስጥ ሲዘፈቅ ሊገድሉት ይመስለዋል። አዲስ ሰው በላይ በላዩ ሲመጣበት ማንን እንደሚያምን ይጠፋዋል። የወጡ ነገር ደግሞ እኔም አላውቅም ነበር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰነጠቅ እንደ መርፌ ነው፣ አንጀት ይወጋል። እኛ ቤት ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የት አለ? ስንት የግቢ ውሻ በእኛው ቸርነት ታሞ እንደኖረ ሳስብ ይጨንቀኛል። አሁን የምትበላው ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝና ከሥጋ ቤት የሚመጣ ልፋጭ ነው፣ እሱም ተቀቅሎ። ጥሬ የሆድ ዕቃ አልሰጣትም፣ ትሉ የሚመለሰው በዚያ ነው።

ስለ ልፋጭ ካነሳሁ አይቀር፣ ሁዳዴ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ለሃምሳ አምስት ቀን ይዘጋሉ። ውጭ ያሉት ውሾች በር በሩን እያዩ ይሰነብታሉ። ሳይፈልጉ ይጾማሉ።

ታዲያ ምን ረዳት? ብዙውን ጊዜ ምንም አለማድረግ። እንዲህ ሲባል ስንፍና ይመስላል፣ ግን ከምንም በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ማታ ማታ ዱካ ይዤ ግቢው ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ፊቴን ሳይሆን ጎኔን ሰጥቼ። ስልኬን አያለሁ። በየተወሰነ ደቂቃ ቁራሽ ዳቦ ወደ ኋላ እጥላለሁ፣ ዞሬ ግን አላያትም። መጀመሪያ ዳቦው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ከዚያ እኔ ቤት ስገባ መብላት ጀመረች። በአሥራ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፣ እኔ እዚያው እያለሁ ከኋላዬ ሲታኘክ ሰማሁ። ዞር አልልም ብዬ አንገቴ ደነዘዘ።

ሌላው ነገር ሰዓት ነው። ምግቧ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሳህን፣ በተመሳሳይ ቦታ። ቀኑ ሁሉ ያልታሰበ ነገር ሲወርድበት የኖረ እንስሳ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ራሱ ያሳርፈዋል። መጥረጊያ ስናነሳ ቀስ ብለን ነው፣ ካሳ መጥረጊያ ስታይ ሽንቷን ትለቅ ነበርና። አታስሯት ብዬም አስቸገርኩ። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የባሰች ሆናለች፣ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆማ መመሪያ ትሰጣለች።

ውጭ አገር ያሉ የውሻ መጠለያዎች ለአሳዳጊዎች የሚነግሩት አንድ ግምት አለ። ድንጋጤው እስኪበርድ ሦስት ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ ሦስት ሳምንት፣ «ይህ ቤቴ ነው» እስኪል ሦስት ወር። ለካሳ የመጀመሪያው ሦስት ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ከዚያ ከጫማ ክሩ ቀን በቀር ሦስት ወር ሙሉ አንዴም አልጮኸችም። አከራያችን ይህን ሲያዩ ገረማቸው። «ልጄ፣ ይቺ ድምፅ የላትም እንዴ? ምን ልታደርግላችሁ ነው?»

እዚህ ጋ ነው ከብዙ ሰው የምለየው። ለእኛ ውሻ ደወል ነው። ካልጮኸና ካልነከሰ ምን ይሠራል ይባላል። ቀን ቀን በቆርቆሮ ቤት ቆልፎ ማታ መልቀቅ፣ ጨካኝ እንዲሆን ጆሮ መቁረጥ፣ ሰው እንዳይለምድ ማራቅ፣ ይህ ሁሉ እንደ ዕውቀት ይወራል። እኔ ግን ከካሳ ያየሁት ሌላ ነው። እንዲህ ያደገ ውሻ የሚያየውን ሁሉ ይፈራል። የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባና የጎረቤት ልጅ አይለይም። ልጅ ተነከሰ ሲባል «ውሻው ነው ክፉ» ይባላል።

የዘር ነገርም አለ። ጀርመን ሼፐርድ ለመግዛት ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ሰው «የአበሻ ውሻ» ሲባል ይስቃል። በነፃ ውሰድ ብትለው እንኳ ቀድሞ የሚጠይቅህ «ወንድ ነው?» ብሎ ነው። ሴት ማንም አይፈልግም። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፣ ሰፈሩ በወንድ ውሻ ይሞላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ቡችሎች አሉ። ቡችሎቹ በማዳበሪያ ይቋጠሩና ወንዝ ዳር ይጣላሉ። መፍትሔው ማምከን ነው። ካሳ ከተረጋጋች በኋላ አስደርገናል፣ በሳምንት ውስጥ እንደ ድሮዋ ሆነች። አንዳንድ ሰው «ተፈጥሮዋን መንካት ነውር ነው» ብሎኛል። ማዳበሪያው ነውር አይደለም ማለት ነው።

የጎዳና ውሻ ሲባል ቶሎ ለሰው የሚመጣለት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ትክክል ነው፣ መፍራትም ይገባል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል ቢፈልግ ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። ካሳን ሳመጣ መጀመሪያ ያስከተብኳት ለዚህ ነው፣ በየዓመቱም ይደገማል።

ግን ፍርሃቱ የወሰደን ወዴት ነው? ወደ መርዝ። ከተማችን ለዓመታት ውሻ ሲበዛ መፍትሔ ያደረገው እሱን ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር የተዘረሩ ውሾችን እያለፍን ነው ያደግነው። ይህ በሽታውን አያጠፋውም። የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቆይም፣ ቆሻሻ ገንዳው እስካለ ድረስ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ስርጭቱን ይሰብረዋል ነው። የተከተበና የመከነ ውሻ በሰፈሩ መቆየቱ ለሰፈሩ ጥበቃ ነው። እሱን ገድለን የምናስገባው የማናውቀውን ነው።

እናቴ አብራን ትኖራለች። በዚህ ጽሑፍ መሃል ልቧ ይራራል ብላችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ፣ አልራራም። «ውሻ በደጅ ነው» ትላለች፣ እስከ ዛሬ ካሳ የሳሎኑን ደፍ አልረገጠችም። አንድ ቀን «የጃንሆይ ሉሉ እኮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር የሚኖረው» ብላት «አንተ ጃንሆይ ነህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደጁ ላይ ከጣውላ ቤት ሠራሁላት፣ ዝናብ እንዳይገባ ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጌ። በደጅ ያለ ውሻም ደስ ብሎት መኖር ይችላል፣ ሁሉም አልጋ ላይ ካልተኛ ብዬ አልከራከርም።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ቆጣሪ አንባቢው በሩን ሲያንኳኳ ካሳ ጮኸች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ራሷ ደንግጣ እኔን አየችኝ። አሁን ስወጣ እስከ በር ትሸኘኛለች። ጎንበስ ስል ግን አሁንም ትሸሻለች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ትቆምና ዞራ ታያለች።

ባለፈው ወር አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው እንደሚፈልጉት ነገሩን። ደላላ ያዝን።

«ስንት ናችሁ?» አለ በስልክ።

«እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ።»

«ልጅ የለም? በጣም ጥሩ!»

«አንድ ውሻ አለች።»

ዝም አለ። «ወንድሜ፣ እሷን ለጊዜው አንድ ቦታ ብታስቀምጣትስ?»

የትኛው ቦታ እንደሆነ አልነገረኝም። ካሳንቺስ ያሉ ሰዎችም ይህንኑ ተብለው ይሆናል። በዚህ ነገር የሚቆጣኝ ሰው ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ቤት አከራይቼ ስለማላውቅም ሊሆን ይችላል። ግን የተከተበች፣ የመከነች፣ ባለቤት ያላት ውሻ ይዞ የሚመጣ ተከራይ ከሲጋራ አጫሽ ተከራይ ለምን እንደሚብስ አይገባኝም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም «ውሻ ክልክል ነው» ከማለት የክትባት ወረቀት ቢጠይቁ ይሻላል። ክልክል ሲባል ውሻው አይጠፋም፣ ባለቤቱ ነው የሚጠፋው።

እስካሁን አምስት ቤት አይተናል። ሦስቱ ውሻ አንፈልግም አሉ። አራተኛው ግቢ ውስጥ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ውሻ አለ፣ እኔ አልፈለግኩም። አምስተኛው ኮተቤ ነው፣ የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው።

«ትናከሳለች?» አሉኝ።

«አትናከስም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለች?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እስቲ ይዘሃት ና፣ ልያት።»

ቅዳሜ እንሄዳለን። ስታያቸው እንዳትደነግጥ፣ እባክዎ ጎንበስ አይበሉ ብዬ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።