ማስተካከያ፦ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ካርታ ስክሪፕት የተጫዋቾች መሬት አለካክ

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ራንደም ማፕ ስክሪፕት (ጨዋታው ካርታ የሚሠራበት የትእዛዝ ጽሑፍ) ቀደም ሲል በወጣው መመሪያ፣ ለተጫዋቾች መሬት በሚሰጠው ትእዛዝ በክሪኤት ፕሌየር ላንድስ ውስጥ ላንድ ፐርሰንት (የመሬት መቶኛ) 40 ከተጻፈ እያንዳንዱ ተጫዋች የካርታውን 40 በመቶ እንደሚያገኝ ተገልጿል። እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ የሁሉም ተጫዋቾች ድምር ሲሆን ጨዋታው እኩል ያከፋፍለዋል።

200 በ200 የሆነ ካርታ 40,000 ካሬ (ታይል፣ ካርታው የሚከፋፈልበት ትንሽ አራት ማዕዘን) አለው፤ 40 በመቶው 16,000 ነው። ሁለት ተጫዋቾች ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው 8,000 ይደርሳል፤ ስምንት ሲሆኑ ግን 2,000 ብቻ። በሁለት ሰው ተሞክሮ ያማረ የደሴት ካርታ ስምንት ሰው ሲገባበት ለወርቅና ለደን ቦታ የሚያጣው ለዚህ ነው። ድርሻው እንዳይለዋወጥ ከተፈለገ በላንድ ፐርሰንት ፋንታ ነምበር ኦፍ ታይልስ (የካሬ ብዛት) ይጻፍ፤ እሱ የሚቆጠረው ለየተጫዋቹ ነው። ይሁንና ከካርታው ስፋት ጋር አብሮ አያድግም። በ120 በ120 ካርታ ላይ፣ ማለትም በ14,400 ካሬ፣ ለስምንት ሰው 2,000 ማዘዝ የሌለ መሬት መጠየቅ ነው።

ቤዝ ሳይዝም (የተጫዋቹ መሬት የሚጀምርበት አራት ማዕዘን መጠን) በመመሪያው የጎን ርዝመት ተብሎ ነበር። የሚቆጠረው ግን ከመሐል ወደ አራቱም አቅጣጫ ነው፦ 9 ሲባል 19 በ19፣ ማለትም 361 ካሬ። ይህ አራት ማዕዘን አስቀድሞ ስለሚነጠፍ፣ የተጫዋቹ የመሬት ድርሻ ከዚያ ካነሰ መሬቱ ደረቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል።

በመመሪያው ምሳሌ ላይ የኮሜንት (ጨዋታው የማያነበው የጸሐፊ ማስታወሻ) መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች፣ /* እና */፣ ከቃላቱ ጋር ተጣብቀው ታትመዋል፤ በመካከል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የተጣበቀን መዝጊያ ጨዋታው አያውቀውም፤ እስከሚቀጥለው ትክክለኛ መዝጊያ ድረስ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ ዝም ብሎ ይዘለዋል።