ማስተካከያ፦ የግላዲዮለስ አበባን ዘግይቶ ስለ መትከል

ሰሞኑን «ሐምሌ ካለፈ ግላዲዮለስ አይተከልም፣ ስሩን ለከርሞ አስቀምጡት» እየተባለ የሚዞረው ነገር ልክ አይደለም፣ እባካችሁ ይስተካከል። ያ ሽንኩርት የሚመስለው ስር ህይወት ያለው ነገር ነው'ኮ፣ እስከ ከርሞ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ወይ ይደርቃል ወይ ይሻግታል፣ ስለዚህ መስከረም ላይም ቢሆን በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ጠንከር ካለ በቃ ትከሉት። ሹሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ቅበሩት፣ መሬታችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

ከተተከለ ከ70 እስከ 100 ቀን ባለው ስለሚያብብ አበባው ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ውሃ ካጠጣችሁት ችግር የለም፣ ደሴ ግን የጦሳ ተራራ ብርድ ከባድ ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ስር ትከሉትና ውርጭ በሚመጣበት ሰሞን ማታ ማታ ሸፈን አድርጉት።

የቱሊፕ አበባን ግን ከዚህ ጋር አታቀላቅሉት! እሱ መጀመሪያ 12 ሳምንትና ከዛ በላይ ብርድ ይፈልጋል፣ የደሴም ብርድ አይበቃውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቆየው፣ እዛም ከሙዝና ከፖም አርቁት፣ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ውስጡ ያለችውን እምቡጥ ይገድላታል።