ስክሪን ላይም ጭሰኛ

አክሲ ኢንፊኒቲ የሚባለው የኦንላይን ጨዋታ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ በኮሮና ሥራ ያጡ ሰዎች ስልካቸው ላይ ተጥደው ይጫወቱት ነበር። ለመዝናናት አይደለም፣ ለዕለት ጉርስ ነው፤ ሲጫወቱ የሚያገኙትን የጨዋታውን ዲጂታል ገንዘብ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጡት ነበር። ለመጀመር 3 ዲጂታል እንስሳት መግዛት ግድ ነበር፣ ዋጋቸው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ገብቶ ነበር፤ ድሃው ከየት ያምጣ? ስለዚህ ገንዘብ ያለው እንስሳቱን ያውሰው፣ ድሃው ሲጫወት ይውል፣ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ከተገኘው ላይ ድርሻውን ይቆርጥ ነበር። ይሄ እኮ ጭሰኝነት ነው! እነሱ ግን "ስኮላርሺፕ" አሉት። ጭሰኛን ተማሪ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ፣ ነገሩ የሚዘልቀው አዲስ ሰው ገንዘብ ይዞ እስከገባ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። አዲስ የሚገባው ሰው ሲቀንስ፣ ተጫዋቾቹ ሲለቅሙት የሚውሉት የጨዋታው ገንዘብ የአንዱ ዋጋ ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ከነበረበት ወርዶ ወርዶ በ2022 ከ1 ሳንቲም በታች ሆነ። ቀድሞ የገባ ባለሀብት በጊዜ ሸጦ መውጣት ይችል ነበር። ተበድሮ እንስሳ የገዛውስ? ዕዳው እጁ ላይ ቀረ።