ዘዴው ከበርሊን፣ ሥራው በፑኔ

እዚህ ጀርመን ስለ ግዕዝ ብራና የሚያወራ ሐበሻ ሁለት ነገር አያጣም፤ ኩራትና ቅሬታ። ኩራቱ ሀምቡርግ ላይ ባለ 5 ቅጽ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ መዘጋጀቱ ነው (እ.ኤ.አ. 2003–2014፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ)። ቅሬታው «የኛን ፈረንጅ ያዘው» የሚለው የቡና ላይ ወግ ነው። ሕንዶችም ስለ ጥንታዊ ቋንቋቸው ስለ ሳንስክሪት ይህንኑ ብለዋል። ብለው ግን አልቀሩም።

የሁለቱ ቋንቋዎች የአውሮፓ ታሪክ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘቱን ብዙ ሰው አያውቅም። ቱቢንገን ውስጥ ሃይንሪሽ ኤቫልድ ካስተማራቸው መካከል ሩዶልፍ ሮትና አውጉስት ዲልማን አሉ። ሮት ከኦቶ ቦትሊንግክ ጋር ሰባቱን ቅጽ የሳንስክሪት መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1875 አለቀ። ዲልማን ደግሞ የግዕዙን በ1865 አሳተመ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተለያየ። ሕንድ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተምሮ የሚመለስ ሰው አገኘች።

ቪሽኑ ሲታራም ሱክታንካር ይባላል፤ በ1887 ተወለደ። ካምብሪጅ የተማረው ሒሳብ ነበር፤ ሳንስክሪትን በርሊን ላይ ከሃይንሪሽ ሉደርስ እግር ሥር ተማረ። ማሃባራታ፣ ማለትም የሕንዶች ታላቁ የግጥም ታሪክ፣ ቅጂዎቹ ተመሳክረው እንዲታረም አውሮፓውያን ከ1897 ጀምሮ ሲመክሩ ነበር። ሉደርስ በ1908 ያወጣው ናሙና 67 ግጥሞችን በ29 ቅጂ ያመሳከረ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና እቅዱ እዚያው ከሰመ። ሕንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ያለው የባንዳርካር የምሥራቅ ጥናት ተቋም ሥራውን በ1919 ጀመረ፤ የአውንድ ግዛት ገዥ 100,000 ሩፒ ሊሰጡ ቃል ገብተው ነበር። ሱክታንካር ኃላፊነቱን የተረከበው በ1925 ነው።

የማመሳከሪያው ወረቀት ቀላል ነው። ቁልቁልም አግድምም ይሰመራል። ከላይ ከተለመደው የታተመ እትም አንድ ግጥም በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል እየሆነ ይጻፋል። ከሥሩ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ረድፍ አለው፤ የተለየው ፊደል ልክ በቦታው ሥር ይገባል። ለየትኛውም ክፍል ከ10 ቅጂ ባነሰ አይሠራም፤ አንዳንዱ 30 ይደርሳል፣ ጥቂቱ 60። ወረቀቱን የሚሞሉት ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶችና ሻስትሪዎች ነበሩ፤ ሻስትሪ ማለት እንደኛ የአብነት መምህር በባህላዊው መንገድ የተማረ ሊቅ ነው። ሁለቱም በአንድ ሥራ ላይ! እኔን የሚያስቀናኝ ከሁሉ ይህ ነው።

ችግሩ የመጣው ቀጥሎ ነው። የአውሮፓው ዘዴ የቅጂዎችን የዘር ሐረግ ቆጥሮ ሁሉም የተገለበጡባትን እናት ቅጂ መፈለግ ነው። በማሃባራታ ይህ አልሠራም፤ ጸሐፊዎቹ ከአንድ ቅጂ እየገለበጡ ከጎረቤት ቅጂም ያሟሉ ነበርና። በተለይ የዴቫናጋሪ ፊደል ቅጂዎች፣ በብዙ አገር ስለሚነበቡ፣ እጅግ የተቀላቀሉ ሆኑ። ስለዚህ ሱክታንካር ዳርና ዳሩን ያዘ። በሰሜን ጫፍ በካሽሚር የሻራዳ ፊደል፣ በደቡብ ጫፍ በኬረላ የማላያላም ፊደል የተጻፉት ቅጂዎች አንዱ ከሌላው በቀላሉ ሊገለበጡ የማይችሉ ናቸው። እነሱ ከተስማሙ ቃሉ ጥንታዊ ነው ብሎ ያዘ። ካልተስማሙና ምርጫው ካጠራጠረ ደግሞ ቃሉን አትሞ ከሥሩ ሞገድ የመሰለ መስመር አሰመረበት። «እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ማተም ድፍረት ይጠይቃል።

በዚህ መንገድ ጋኔሻ የተባለው አምላክ የድርሰቱ ጸሐፊ ሆነ የሚለው ዝነኛ ታሪክ እንኳ ከዋናው ወጥቶ ወደ ተጨማሪው ክፍል ሄደ። አልተጣለም፤ ማንም ሊያየው ይችላል። ሱክታንካር በጥር 1943 ሞተ፤ ቦምቤይ ላይ ስለ ማሃባራታ ትርጉም ከጀመራቸው ንግግሮች አራተኛውን ሳያቀርብ። ተተኪዎቹ ቤልቫልካርና ቫይድያ በ1966 በ19 ቅጽ ጨረሱት።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የንባብ ልዩነትን ሊቃውንቶቻችን አያውቁትም ማለት ውሸት ነው። አንድምታው ውስጥ «አብነት» እየተባለ ሌላው ንባብ ይጠቀሳል። የሚጎድለው ያ ንባብ ከየትኛው ደብር ብራና፣ በማን እጅና በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ነው። ሁለቱን ዓለም አንድ ላይ የያዙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ በ1962 ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን አግኝተው ወደ አገር ተመለሱ፤ እንደ ሱክታንካር ማለት ነው። በደርግ ጊዜ ግን በጥይት ተመትተው ከአገር ወጡ፤ የኢትዮጵያን ብራናዎች ከማይክሮፊልም እያነበቡ ካታሎግ ያዘጋጁት ሚኒሶታ ሆነው ነው። እዚህ ላይ «ፈረንጅ ያዘው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም።

የፑኔን ወረቀት ለግዕዝ የሚያሰምር ሰው የመጀመሪያው ወጥመድ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በየብራናው ይለዋወጣሉ። ሁሉም ከተመዘገበ ሳጥኑ በረብ የለሽ ልዩነት ይሞላል፤ ዋናው ልዩነት እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። ሁሉም ከተተወ ደግሞ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ ይሆናሉ፤ አንዱ ፀሐይ ወጣ ነው፣ ሌላው ሌባ ሰረቀ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሳይቀመጥ ያየዋል። ዛሬ ወረቀቱን የሚተካው ኮምፒውተር ሀምቡርግ አለ፤ ያ ሰው ያለው ግን ጎጃም ነው።