ሳትጾም ምን ትገድፋለህ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ጥያቄ ነው። በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ትወረወራለች። «አንተ ደግሞ ሳትጾም ምን ትገድፋለህ?» ብዙዎቻችሁ ተናግራችኋታል። አንዳንዶቻችሁም ተነግራችኋለች።

በእኛ ቤት የተነገረችው ለታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ አያምንም። ቤተ ክርስቲያን ከሳመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከማንም ተጣልቶ አይደለም። አንብቦ፣ አስቦ፣ ብዙ ጊዜ ወስዶ፣ «እግዚአብሔር አለ ብዬ ማመን አልቻልኩም» ብሎ ለእናታችን ነገራት። አለቀሰች። ስለት ተሳለች። ውላ አድራ ለመደችው። እሱም በዓል ቀርቶብን አያውቅም ነበር። የቅዳሜውን ሽንኩርት ልጦ የሚከትፈው እሱ ነው። አምስት ኪሎ፣ ዓይኑ እስኪያብጥ። ቅቤውንም እንቁላሉንም ገበያ ወርዶ የሚያመጣው እሱ ነው። ዶሮውን ግን አያርድም። ቢላዋውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጠዋል። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ በስመ አብ ብል ውሸት ነው፤ ሳልል ባርድ ደግሞ እማዬ አትበላም» አለኝ።

እስቲ ይህችን መልስ ልብ በሏት። ለእናቱም ለእውነቱም የተጠነቀቀ ሰው መልስ ናት።

ያን ሌሊት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አክፍላ ነበር። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ግንባሯ ላይ የቅዳም ሥዑሩን ቄጤማ አስራለች። ወንድሜ ሳይተኛ ጠብቆ፣ ወጡን አሙቆ፣ ቤቱን ጎዝጉዞ፣ እንጀራውን አቅርቧል። አጎታችን ዳቦውን ባርኮ ቆረሰ። ወንድሜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቴ አጎረሳት። ሁለተኛውን ለራሱ ሲያነሳ አጎቴ ያችን ጥያቄ ጠየቀው። ሰው ሳቀ። ወንድሜ ጉርሻውን መልሶ መሶቡ ላይ አስቀመጠው። «እውነትህን ነው» አለ። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ሲነጋ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። «ሥራ አለብኝ» ይላል።

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። አፍ አለኝ። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ስለዚህ ይህ ተግሣጽ ከእኔ ይጀምራል።

አማኝ ወገኖቼ፣ እውነት እንነጋገር። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዚያ መሶብ ዙሪያ ከተቀመጥነው ስንቶቻችን 55ቱን ጨረስነው? አንዱ ሁዳዴውን ሙሉ ዓሣ ሲበላ ከርሟል። አንዷ በሦስተኛው ሳምንት ጨጓራዬን ብላ ትታዋለች። አንዱ ቢሮ አጠገብ ካለችው ካፌ ማኪያቶውን አላቋረጠም። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። የተጠየቀው «አልጾምም» ብሎ በግልጽ የተናገረው ብቻ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ቁጭ ብለው ይህን ያያሉ። ምን የሚማሩ ይመስላችኋል? ዝም ብሎ የሚያስመስል ይበላል፣ እውነቱን የሚናገር ይነሳል። ይህንን እያስተማርን ነው ሃይማኖት እናወርሳለን የምንለው?

ማስመሰልን እንደ እኛ የሚያውቀው የለም። በደርግ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ያኔ የሚደበቀው አማኙ ነበር። ቀን ስብሰባ ላይ ስለ ማርክስና ሌኒን ሲያወራ የዋለ ካድሬ ልጁን ለአያቷ ሰጥቶ በድብቅ ክርስትና ያስነሳ ነበር። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። በልብ ያለውን በአፍ መናገር አለመቻል ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ታዲያ ያንን የቀመሰ ሰው፣ ዛሬ በልቡ ያለውን የነገረውን ልጅ ከማዕድ ያስነሳል?

ሌላም የሚገርመኝ አለ። ይህ ሕዝብ የእምነቱ ተካፋይ ያልሆነን ሰው ማስተናገድ ያውቅበታል። ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው በግ ይገዛል። የሚያርደው የራሳቸው ሰው ነው። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ ነው። እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንደዚያው ያደርጋሉ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ ሁሉም የራሱን ያውቃል። በዚህ የሚከፋ የለም። ወሎ ብትሄዱ ከአንድ ቤት የወጡ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች ታገኛላችሁ። ጥምቀት ሲደርስ መንገድ የሚጠርጉ ሙስሊም ወጣቶች፣ ኢድ ሲደርስ የሚያጸዱ ክርስቲያን ወጣቶች በዓይናችን አይተናል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የሆነውንም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ፣ እኛም ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል ብለው ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። እነዚያ ክርስቲያኖች መውሊድን አያከብሩም። ጎረቤታቸው ግን ሲያከብር ሥራ ገበታው ላይ ታስሮ እንዳይውል ፈልገዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ።

ለሌላ እምነት ይህን ያህል ቦታ ያለን ሰዎች እምነት ለሌለው ለገዛ ልጃችን አንድ በርጩማ አጣን?

ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። የጎረቤታችን እምነት አያስፈራንም፤ የአባቱ ነው። የእኛው ልጅ ሲለየን ግን ያስደነግጠናል። እናት «የእኔ ጥፋት ነው» ትላለች። አጎት «ሰው ምን ይላል» ይላል። ያ ድንጋጤ ሌላ መውጫ ሲያጣ በቀልድ ይወጣል። አጎቴን በኋላ ሄጄ አናግሬዋለሁ። «እኔ እኮ ቀልዴን ነው» አለኝ። አምነዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን በመሶብ ዙሪያ ሁሉም እየሳቀ አንዱ እጁን ከታጠበ፣ ቀልዱ ለማን ነበር?

«ሃይማኖታችን ግን እንዲህ ይላል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ወደዚያው እንሂድ። በግሪክና በሩሲያ አብያተ ክርስቲያናት በፋሲካ ሌሊት የሚነበብ፣ የዮሐንስ አፈወርቅ ነው የሚባል አጭር ስብከት አለ። በመጀመሪያው ሰዓት የመጣም፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣም ይግባ ይላል። የጾማችሁም ያልጾማችሁም ዛሬ ደስ ይበላችሁ ይላል። ማዕዱ ሙሉ ነው፣ ማንም ተርቦ አይሂድ ይላል። አውቃለሁ፣ ቃሉ የተነገረው ለሰነፍ አማኝ እንጂ አላምንም ላለ ሰው አይደለም ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ያንን ስብከት የሰማ ሰው የጾመና ያልጾመ እያለ ቁራሽ ሊቆጥር አይችልም። እናቴ አክፍላ የመጣችው ሌላውን ልትፈትሽ አልነበረም። ጾሟ ለእሷና ለአምላኳ ነው። እሷ የምትፈልገው ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያጎርሳት ነበር። ያንን ደስታ የቀማናት እኛ «አማኞቹ» ነን።

«እንዲህ ከሆነማ በዓሉ ትርጉሙን ያጣል» የሚልም አለ። በዓሉ እየተሸረሸረ ነው፣ እስማማለሁ። በሳምንቱ ቴሌቪዥን ክፈቱ፤ ትንሣኤው የሎተሪ ማስታወቂያ ሆኗል። ለዶሮና ለበግ ብድር የሚገባ ሰው ሞልቷል። ይህን ያመጣው ሽንኩርት ሲከትፍ ያመሸው ወንድሜ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፣ የማታምኑ ወንድሞቼና እህቶቼ። እናንተም ጥፋት አላችሁ።

ስትመጡ ያልሆናችሁትን መስላችሁ አትምጡ። እናቴ ደስ ይበላት ብላችሁ ወደ ቁርባን አትቅረቡ። እዚያ ቦታ የሚቀርበው ንስሐ ገብቶ፣ አምኖ ነው። የእናንተ ማስመሰል የእሷን ቅዱስ ነገር መድፈር ነው። ስታውቅ ደግሞ ካለመቁረባችሁ ይልቅ ይህ ይጎዳታል። ጸሎት ሲደረግ ቆማችሁ ዝም በሉ፣ ይበቃል። ሽማግሌ ሲመርቃችሁ ግን ጎንበስ ብላችሁ ተቀበሉ። ምርቃት የሽማግሌው ስጦታ ነው፤ የእምነት ፈተና አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ማዕድ ላይ ትምህርት አትስጡ። በገና ማታ «ኢየሱስ እኮ በታኅሣሥ 29 አልተወለደም» ብሎ መጀመር ምን ይባላል? ከአርባ ሦስት ቀን ጾም በኋላ ወጥ የጠበቀች ሴት ፊት? ክርክር ካማራችሁ ሌላ 360 ቀን አለ። ወይም ፌስቡክ አለ፤ እዚያ በየበዓሉ ዋዜማ ስድድቡ አይቋረጥም፣ ማንም አይጎዳም አይባልም፣ እኔ እሱንም ብትተውት ደስ ይለኛል።

ደግሞ ለመብላት ብቻ አትምጡ። በዓል ሥራ ነው። ቅርጫ ሲዋጣ ድርሻችሁን ክፈሉ። በሬው ሲገነጠል እጃችሁን አስገቡ። ሰው ተኝቶ ሳለ የተከመረውን ሳህን እጠቡ። እምነት የሌለው ሰው በዓል ላይ ምን ይሠራል የሚል ካለ መልሱ እዚያ አለ።

የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፣ አልደብቃችሁም። አባት ሲሞት ዳቦ የሚባርከውና የሚቆርሰው የበኩር ልጅ ነው። የበኩሩ ልጅ የማያምን ከሆነስ? አንዳንድ ቤት ቢላዋውን እንቢ ብሎ ኩርፊያ ሆኗል። አንዳንድ ቤት አጉረምርሞ ቆርሶ አልፏል። የማውቀው አንድ ቤት ግን ልጁ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፣ እናትየው «በስመ አብ» ብላ ባረከች፣ ቢላዋውን እሷ ያዘች። ሕግ ይሁን አልልም። ግን ማንም ሳይዋሽ ዳቦው ተቆረሰ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ይህን ነገር ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያደገው ልጅ አላምንም ካለ በኋላ ከአማርኛው ጋር የሚያገናኘው ክር ብዙ ጊዜ የበዓል ቡና ነው። የቡናው ጭስ፣ የአያቱ «እንኳን አደረሰህ»፣ አለቀ። ያንን ደጃፍ ላይ በጥያቄ ከዘጋችሁበት ሌላ በር የለውም። አትዝጉበት።

እናቴ ባለፈው ፋሲካ ፈረሰኛውንና አንድ እንቁላል በትንሽ ሳህን ለይታ አስቀመጠች። ማንም አልጠየቃትም። ፍሪጅ ውስጥ እስከ ዳግም ትንሣኤ ቆየ። ከዚያ እሁድ ማታ አውጥታ፣ ዝም ብላ አይታው፣ ለውሻው ሰጠችው።

በዚያ ሳምንት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ያን ሌሊት ዝም በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኩት። ብዙ አልተናገረም። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አላነሳችም። «ለሚመጣው ሽንኩርት የሚልጥልኝ የለም፣ ዓይኔ እኮ አልቻለም» አለችው። እሱ ትንሽ ዝም አለና «ቢላዋው ተስሏል?» አላት።